የሀምዲያ ማውጫ

መጀመሪያ ስለ ነጥቦቹ ልናገር፤ እነሱን ካላወቃችሁ ንዴቴ አይገባችሁም።

እዚህ አሶሳ፣ በእኛ ትምህርት ቤት ማውጫ የሚሠራው በነጥብ ነበር። ርዕሱ ይጻፋል፤ ከዚያ መስመሩ እስኪያልቅ ድረስ የነጥቧ ቁልፍ ይረገጣል፤ ጫፉ ላይ የገጽ ቁጥር ይቀመጣል። ነጥብ ሲበዛ ቁጥሩ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሲያንስ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ቀኝ ጠርዙ ከብት እንደጣሰው አጥር ይሆናል። የገጽ ቁጥሩ ደግሞ የሚገኘው በጥሪ ነው። ሰነዱ ይታተማል፤ አንዱ እያገላበጠ «ምዕራፍ ሁለት፣ አሥራ አራት» እያለ ይጠራል፤ ሌላው ይጽፋል። ርዕሰ መምህሩ አንዲት አንቀጽ ከጨመሩ ጥሪው ከአንድ ይጀመራል። የሚጨምሩት ደግሞ ሁልጊዜ በመጨረሻው ሰዓት ነው።

ይህን ሁሉ ነጥብ ስትረግጥ የኖረችው ጸሐፊያችን ሀምዲያ አልአሚን ናት። ሃያ ሁለት ዓመት። አንድ ቀን «ሀምዲያ፣ የረገጥሽው ነጥብ ቢደረደር ከአሶሳ ኩርሙክ ይደርሳል» ብዬ ቀለድኩባት። «መንገዱ በእሱ ይሠራ» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

ኩርሙክ የተወለደችበት ነው። አባቷ ከድንበሩ ወዲያና ወዲህ ሳሙናና ሻይ ቅጠል የሚያመላልሱ ነጋዴ ነበሩ። ልጅ ሳለች ተኩስ መጣና ቤተሰቡ ዕቃውን ጥሎ በእግር አሶሳ ገባ። ቤት ውስጥ በርትኛ፣ ገበያ ላይ ዐረብኛ ነበር የምትናገረው። አማርኛን ያገኘችው ለሴቶች በተከፈተ የታይፕ ሥልጠና ነው፤ ፊደሉን የለየችው ከቁልፎቹ ላይ ነው። ከጆሮዋ በፊት ጣቷ አማርኛ ቻለ። እስከ ዛሬ ስትናገር ግሡ ይሰናከልባታል፤ የተየበችው ወረቀት ላይ ግን ጉድለት ፈልጉ ብትባሉ አታገኙም።

አዲስ መምህር በመጣ ቁጥር አነጋገሯን ሰምቶ ይስቃል። ሳምንት ሳይሞላው የማስተርስ ጽሑፉን ተሸክሞ ደጇ ይቆማል። በአፏ ይስቃሉ፣ በጣቷ ይመረቃሉ። እኔ ራሴ ከእነሱ አንዱ ነኝ። ፈንታ እባላለሁ፤ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ናቸው፤ እናቴ ገበያ ላይ አፏን በከፈተች ቁጥር የሚኮርጃት አይጠፋም ነበር። በሰው አነጋገር መሳቅ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ነበረብኝ።

ነጥብ መርገጥ የቀረው በእኔ ጽሑፍ ምክንያት ነው። ዩኒቨርሲቲው «ማውጫው በእጅ የተሠራ ነው፣ አንቀበልም» ብሎ መለሰብኝ። እኔ አፍሬ ልተወው ነበር። ሀምዲያ ግን የተናቀው የእሷ ሥራ መስሎ ተሰማት። ለሁለት ሳምንት የምሳ ሰዓቷን በሙሉ ኮምፒውተሩ ፊት ቆየች። አስተማሪ አልነበራትም፤ የምትነካውን ሁሉ እየነካች፣ የሚሆነውን በደብተር እየጻፈች ሞከረች። የመጀመሪያው ሙከራ መቼም አይረሳኝም። ጽሑፉን በሙሉ ርዕስ ነው ብላ አዘዘችውና ማውጫው አርባ ገጽ ሆኖ ወጣ፤ ምስጋናዬም፣ የቆላማ አፈር ትንታኔዬም፣ ሁሉም ማውጫ ውስጥ ገባ። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

በኋላ ገባት። ዋናው ርዕስ «ሄዲንግ አንድ» ይባላል፣ በሥሩ ያለው «ሄዲንግ ሁለት» ይባላል፣ ተራው ጽሑፍ በተራነቱ ይቀመጣል። ርዕሶቹ እንደዚያ ከተሰየሙ ማውጫውን ኮምፒውተሩ ራሱ ይሠራዋል፤ ነጥቡንም፣ ቁጥሩንም። አንድ ነገር ብቻ አለ። ማውጫው ከተሠራ በኋላ ገጽ ቢጨመር እሱ አያይም፤ «አፕዴት» ተብሎ ካልታዘዘ የድሮውን ቁጥር ይዞ ቁጭ ይላል። ሀምዲያ ይህን በወረቀት ጽፋ በኮምፒውተሯ አናት ላይ ለጠፈችው። «ገጽ ከተጨመረ ማውጫ ይታደስ» ይላል። ቢሮዋ የገባ ሁሉ ያየዋል። እኔ ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልምጣ።

ባለፈው ዓመት የትምህርት ቤቱ የአምስት ዓመት ስትራቴጂክ ዕቅድ ይዘጋጅ ተባለ። የውጭ ገምጋሚዎች ሊመጡ ነው፤ ከደረጃ ሁለት ወደ ሦስት የሚያወጣን እሱ ነው ተባለ። እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል የድርሻውን በፍላሽ አመጣ። የሒሳብ ክፍል ርዕሱን ቀይ አድርጎታል። የታሪክ ክፍል በየመስመሩ አሥምሮበታል። ስፖርት ክፍል ርዕስ የሚባል ነገር አያውቅም። ሀምዲያ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ እያነበበች፣ ርዕሱን ከተራው እየለየች፣ ሦስት ሳምንት ሠራችው። መሀል ላይ መብራት ሄዶ ግማሽ ቀን የሠራችው ጠፋባት፤ እንደገና ሠራችው። ያለቀው ሰነድ ሁለት መቶ አንድ ገጽ ሆነ። ማውጫው አራት ገጽ ነው፤ የፈለጋችሁትን ርዕስ ብትጠሩ የተባለው ገጽ ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል።

በዚያው ሰሞን የሠራተኛ ምደባ ወሬ መጥቶ ነበር። ሁሉም ሰው ለያዘው ወንበር እንደገና ሊወዳደር ነው። ማስጠንቀቂያ በማህደሩ ያለበት ሰው ግን አይወዳደርም፤ ክፍት ቦታ ወዳለበት ይላካል። ከአሶሳ ሩቅ ያለችው ማንኩሽ ውስጥ ክፍት ቦታ አለ ይባል ነበር። ሀምዲያ ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ አንድ ልጇ ሪም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ ለመልቀቂያ ፈተና እየተዘጋጀች። ለሀምዲያ ያ ወንበር ቤቷ ማለት ነው።

ሰነዱ ባለቀ ማግስት ርዕሰ መምህራችን አቶ ስለሺ ጠሩኝ። «ትንሽ ነገር እንጨምርበታለን፣ ፋይሉን አምጣው» አሉ። ሀምዲያ ዘንድ ሄድኩ። ፋይል የሚወስድ ሁሉ የሚፈርምበት የርክክብ ደብተር አላት፤ ዱሮ አንድ ሰው ሰነድ አበላሽቶ በእሷ ካሳበበ ወዲህ የጀመረችው ነው። «ባለ 201 ገጽ ሰነድ ተረክቤያለሁ» በሚለው ሥር ፈረምኩ። ፍላሹን ስትሰጠኝ ጣቷን አነሣችብኝ። «መምህር፣ ገጽ የጨመረ ከሆነ አፕዴት በለው። እሺ?» አለች። እሺ አልኳት።

ትንሹ ነገር ሰባት ገጽ ነበር። የአቶ ስለሺ መልእክት ከነፎቶግራፋቸው ሁለት ገጽ። የሁለት የክብር እንግዶች መልእክት ሁለት ገጽ፤ መልእክቱን የጻፉት እንግዶቹ ሳይሆኑ አቶ ስለሺ ናቸው። ምስጋና አንድ ገጽ፤ የሀምዲያ ስም የለበትም። አቶ ስለሺ ችግኝ ሲተክሉ አንድ ገጽ። የህዳሴው ግድብ ፎቶግራፍ አንድ ሙሉ ገጽ። ግድቡ በክልላችን በመሆኑ እኔም እኮራለሁ፤ የመጸዳጃ ቤት ጥገና ዕቅድ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ግን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ሰባቱንም የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ በእነዚህ እጆቼ፣ ከማውጫው ቀጥሎ። አቶ ስለሺ ከኋላዬ ቆመው «ፍጠን፣ ማተሚያ ቤቱ ለምሳ ሊዘጋ ነው» ይሉኝ ነበር።

ረሳሁት ብል ደስ ባለኝ። አልረሳሁትም። ማተሚያ ቤቱ ደጃፍ ስደርስ የሀምዲያ ጣት ትዝ አለኝ። ኮምፒውተሩ እዚያው ነበር፤ ሁለት ጊዜ መጫን ነው። ረፍዷል፣ ርቦኛል፣ ደግሞ ማን ማውጫ ያነባል አልኩ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማውጫዬ ተመልሶብኝ የነበርኩት ሰውዬ።

ማውጫ የሚያነብ ሰው ግን መጣ። የገምጋሚ ቡድኑ መሪ ወይዘሮ ብሪቱ የሚባሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። በመጀመሪያ ማውጫውን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ሄዱበት። ከዚያ የሴት ተማሪዎች ንጽሕና መጠበቂያ ክፍል ዕቅድ የታለ ብለው ጠየቁ፤ ማውጫው ገጽ 64 ይላል። 64ን ሲገልጡት የአጥር ጥገና ነው። የቤተ ሙከራ ዕቃ ገጽ 88 ይላል፤ ሲገለጥ የሻይ ክበብ ነው። ሦስተኛውን ሞከሩ፣ አራተኛውን ሞከሩ። «ይህ ማውጫ የሌላ ትምህርት ቤት ነው?» አሉ፣ ሳይቆጡ። አንዱ ገምጋሚ ሳቀ። እኔ ከጀርባ ቆሜ በልቤ እየደመርኩ ነበር። 64 የተባለው 71 ላይ ነው፣ 88 የተባለው 95 ላይ ነው። ሰባት። በትክክል ሰባት።

በሰነድ አያያዝ ነጥብ ተቀነሰብን። ሌላም ብዙ ጉድለት ተገኘብን፤ ቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያው ያፈሳል፣ ቤተ ሙከራው ከተቆለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ደረጃ ሁለት ላይ ቀረን። ይኼ ሁሉ ጉድለት በየተራ ቢጠራ የሚጠየቅበት ሰው ስለሚበዛ፣ ማውጫው ተመረጠ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው።

በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራን። አቶ ስለሺ ተነሡና ሰነዱ ግሩም እንደነበር፣ ሁሉም ክፍል እንደደከመ፣ በአንድ ሰው ምክንያት ግን ውርደት እንደደረሰብን ተናገሩ። «ማውጫ ነው የጣለን። ጸሐፊያችን ኮምፒውተር አልቻለችም፤ በታይፕ ዘመን ቀርታለች» አሉ። ከኋላ ወንበር ሳቅ ተሰማ። ሀምዲያ ከፊት፣ ከጠረጴዛው ጥግ ተቀምጣለች፤ ምክንያቱም ቃለ ጉባኤ የምትይዘው እሷ ናት። እጇ አላቆመም። የተባለውን እየጻፈች ነበር።

ሥርዓታችን ደግሞ ይኼ ነው፤ በስብሰባው መጨረሻ ቃለ ጉባኤው ይነበባል፣ ሁሉም ይፈርምበታል። የሚያነበው የያዘው ሰው ነው። ስለዚህ ሀምዲያ ተነሥታ ቆመች። ሻሿን አስተካከለችና «ጸሐፊዋ ማውጫ መሥራት ባለመቻላቸው ምክንያት ትምህርት ቤቱ ነጥብ እንዲያጣ ሆኗል» ብላ በራሷ አፍ፣ ስለ ራሷ፣ ለስልሳ ሰው አነበበች። «አስተያየት ያለው?» ብላም ጠየቀች፤ ሁልጊዜ እንደምትጠይቀው። ጠይቃ እኔን አየችኝ።

እኔ ጫማዬን አየሁ። አጠገቤ የተቀመጠው መምህር «ዝም አይነቅዝም» አለኝ በሹክሹክታ፣ ምን እንደማውቅ እንኳ ሳያውቅ። ውሸት ነው፤ ይነቅዛል። ወረቀቱ ዞሮ ደረሰኝና ፈረምኩ።

ከስብሰባው በኋላ መምህራኑ አንድ በአንድ ቢሮዋ እየገቡ «አይዞሽ»፣ «ሁላችንም ተናደናል»፣ «እንዲህ መባል አልነበረብሽም» ይሏት ጀመር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሀምዲያ ሁሉንም በዐረብኛ «ሹክረን» እያለች፣ አመስግና አሰናበተቻቸው። እኔ አልገባሁም፤ እንደ ውሻውም ለመጮህ አልበቃሁም።

በማግስቱ የሆነው ደግሞ ይብሳል። አቶ ስለሺ ደብዳቤ ሁሉ በእጃቸው ጽፈው ለሀምዲያ ይሰጣሉ፤ እሷ ትተይበዋለች። የዚያን ቀንም እንደ ልማዳቸው አንድ ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ ጣል አድርገው ወጡ። ርዕሱ «ማስጠንቀቂያ ስለመስጠት» ይላል። ለወይዘሮ ሀምዲያ አልአሚን። የጻፉት ሰው ለማን እንደሰጡት እንኳ ልብ አላሉትም ይሆናል፤ ይኼ ነው ይበልጥ የሚያቃጥለኝ። ሀምዲያ ተቀመጠችና ተየበችው። ሁለት ቦታ የተሳሳተ ፊደል ነበረበት፣ አረመችላቸው። ቁጥር ሰጠችው፣ ቀን ጻፈችበት፣ በሦስት ቅጂ አተመችው፣ ለፊርማ አቀረበችው። ማህተሙ ያለው እሷ ዘንድ ነው፤ መታችበት። ከዚያ የወጪ ደብዳቤ መዝገቡን ገለጠችና «ተረካቢ» በሚለው ሥር ፈረመች። ራሷ ጽፋ፣ ራሷ ማህተም መትታ፣ ለራሷ አስረከበች።

መልስ ለመስጠት አምስት ቀን አላት። በሦስተኛው ቀን፣ በረፍት ሰዓት፣ አስጠራችኝ።

ቢሮዋ እንደ ወትሮው ነው። ወረቀቷ በኮምፒውተሩ አናት ላይ እንደተለጠፈች ናት። ተቀመጥ አላለችኝም። ለበላይ መሥሪያ ቤት የምትልከውን መልስ አዘጋጅታ ኖሯል፤ ፊቴ ያስቀመጠችው ማውጫውን ነው። የስድስት መስመር ማውጫ። ነጥቦቹ ቀጥ ብለው ቁጥሮቹ አንድ መስመር ላይ ቆመዋል። የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ፣ ገጽ 1። የጸሐፊዋ መልስ፣ ገጽ 2። ለርክክብ የታተመው ረቂቅ ማውጫ፣ ገጽ 4፤ ፍላሹን ሳትሰጠኝ በፊት አትማ ያስቀረችው ነው። የርክክብ ደብተሩ ቅጂ፣ ገጽ 8። አምስተኛው መስመር ላይ ስሜን አየሁ። «የመምህር ፈንታ ቃል» ይላል፣ ገጽ 9። ስድስተኛው የሥራ ልምዷ ነው፣ ገጽ 10።

ዘጠነኛውን ገጽ ገለጥኩ። ከላይ ያው ርዕስ አለ፣ ከታች መሀል ላይ 9 ቁጥር አለ። ከዚያ በቀር ነጭ ነው።

«መምህር» አለች፣ «እኔ በስብሰባ ያንተ ስም አልጠራሁም። አሁንም አልጠራም። ገጹ ይኸው። የጻፍክ ከሆነ ይሄዳል። ያልጻፍክ ከሆነ ባዶውን ይሄዳል።»

ሰው ሲጨንቀው የሚያወራው አያውቅም፤ «አንድ ገጽ ካልበቃኝስ?» አልኳት።

«አፕዴት አለ» አለች፣ ፊቷን ወደ ሥራዋ መልሳ።

እውነቱን ልናገር ብያለሁና ልናገረው፤ ስወጣ የተናደድኩት በእሷ ነበር። ምን አስቸኮላት አልኩ። ብታማክረኝ ኖሮ መላ እንፈልግ ነበር አልኩ። ለከፍተኛ መሪ መምህርነት ደረጃ ጥያቄ አስገብቻለሁ፤ የሥራ አፈጻጸሜን የሚሞሉት አቶ ስለሺ ናቸው። እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ ማን ይሞላልኛል አልኩ። ፍላሹን ያመጣሁት በትእዛዝ ነው፣ የለጠፍኩት በትእዛዝ ነው እያልኩ ራሴን ስከራከር ዋልኩ። የክርክሩ መጨረሻ ግን ሁልጊዜ ማተሚያ ቤቱ ደጃፍ ነው። እዚያ አዛዥ አልነበረብኝም። ርቦኝ ነበር፣ በቃ።

በማግስቱ ክፍለ ጊዜ በሌለኝ ሰዓት ማንጎው ዛፍ ሥር ተቀምጬ ጻፍኩ። ማውጫው ከሀምዲያ እጅ ሲወጣ ትክክል እንደነበር ጻፍኩ። ሰባቱን ገጾች አንድ በአንድ ቆጥሬ፣ በማን ትእዛዝ እንደገቡ፣ የለጠፍኩት እኔ እንደሆንኩ ጻፍኩ። ገጽ ሲጨመር ማውጫው መታደስ እንዳለበት በአፍም በወረቀትም ተነግሮኝ እንደነበር፣ እያወቅሁ እንደተውኩት፣ በስብሰባው ላይ ጸሐፊዋ አስተያየት ስትጠይቅ አውቄ ዝም እንዳልኩ ጻፍኩ። ሦስት ገጽ ሆነ። ወስጄ ሰጠኋት።

ፊቴ ቁጭ ብላ ተየበችው። «አውቄ ዝም አልኩ» የሚለው ላይ ስትደርስ እንኳ ጣቷ አልዘገየም። ስትጨርስ ማውጫው ላይ ሄዳ በቀኝ በኩል ተጫነችና አደሰችው። የሥራ ልምዷ ከገጽ 10 ተነሥቶ ገጽ 12 ላይ ተቀመጠ። «አየህ?» አለች። «ቀላል ነበር።»

ከዚህ በኋላ ያለው ቶሎ ያልቃል። መልሱ ሄደ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ የበላይ መሥሪያ ቤቱ ማስጠንቀቂያው ይነሣ የሚል ደብዳቤ ላከ። አቶ ስለሺ የመሻሪያውን ደብዳቤ በእጃቸው ጽፈው ጠረጴዛዋ ላይ ጣል አደረጉ፤ የተየበችውም፣ ማህተም የመታችበትም፣ የተረከበችውም ራሷ ናት። ሁለት መስመር ነው። ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም። ለምደባው ተወዳድራ ወንበሯን አገኘች። የእኔ የሥራ አፈጻጸም በሕይወቴ አይቼው የማላውቀው ዝቅተኛ ሆኖ መጣ፤ ደረጃውም ቀረ። አልገረመኝም።

እኔን ያበገነኝ ሌላ ነው። ያዋረዷት በስልሳ ሰው ፊት ነው፤ የመለሱላት ግን በፖስታ ነው። መምህራኑ ግማሾቹ እስከ ዛሬ ማውጫውን ያበላሸችው ሀምዲያ ናት ብለው ያምናሉ። አንዱ በሻይ ክበብ «ለኛ ሴትዮ የታይፕ መኪናዋን ይመልሱላት» ብሎ ሲያስቅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የዚያ ስብሰባ ቃለ ጉባኤም ስልሳ ፊርማ ተሸክሞ፣ የእኔንም ጨምሮ፣ በመዝገቡ ውስጥ እንደተጻፈ አለ። በደብዳቤ የተሻረ ነገር በመዝገብ አልተሻረም።

የሰኔው ስብሰባ ዝናብ በሚጥልበት ቀን ነበር፤ ቆርቆሮው ይንጫጫል። አጀንዳ አንድ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ መገምገም ነው። አቶ ስለሺ «ያለፈው ላይ አንዳንድ ነገር ታርሟል፣ ወደ አጀንዳ ሁለት» አሉ። ሀምዲያ ከጠረጴዛው ጥግ መዝገቡን ዘርግታ፣ እስክሪብቶዋን ይዛ ተቀምጣለች።

ተነሣሁ። «አጀንዳ አንድ አላለቀም» አልኩ። አቶ ስለሺ ተቀመጥ አሉኝ። አልተቀመጥኩም። ከኪሴ የቃሌን ቅጂ፣ ሦስቱን ወረቀቶች፣ አወጣሁ። ዝናቡ ስለሚጮህ ጮክ ብዬ ጀመርኩ፤ ስለፈራሁ ደግሞ ፈጠንኩ። ማውጫው ከሀምዲያ እጅ ሲወጣ ትክክል ነበር፣ ሰባቱን ገጽ የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ ማደስ እንዳለብኝ ተነግሮኝ ነበር፣ ተውኩት፣ ዝም አልኩ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አፈሰስኩት። ቶሎ ጨርሼ ቶሎ ልቀመጥ ነበር። የሳቀ የለም።

«መምህር» አለች ሀምዲያ፣ ከመዝገቡ ቀና ሳትል። «ቀስ በል። እየጻፍኩ ነው።»

ከመጀመሪያው ጀመርኩ።